ስለ ስክሪን መቅረጫ ፕሮግራሞች አመራረጥና ስለ እውነተኛ ዋጋቸው

ቀድሞ በአንድ ንግድ ቤት አዲስ ጸሐፊ በተቀጠረ ጊዜ ነባሩ ጸሐፊ አጠገቡ ተቀምጦ የመዝገቡን አያያዝ፣ የደረሰኙን አቈራረጥና የደብዳቤውን አጻጻፍ በእጁ እያሳየ ያስተምረው እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን መዝገቡ ራሱ በኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። የንግድ ፈቃድ ማደሻው፣ አስመጪው በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት የሚያቀርበው ማመልከቻ፣ የባንኩ ቅጽ፣ በፒችትሪ የሚዘጋው የወር ሒሳብ፣ ይህ ሁሉ በስክሪን ላይ የሚፈጸም ሥራ ስለ ሆነ ዕውቀቱ በአንድ ወይም በሁለት ሠራተኞች እጅ ብቻ ተወስኖ ቀርቷል። ያ ሠራተኛ ሥራውን የለቀቀ ዕለት ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሞ የማከማቻ ኪራይ ሲቈጠርበት፣ ባለ ንብረቱ የትኛው ቅጽ በየት በኩል እንደሚከፈት የሚነግረው ሰው አጥቶ ይቸገራል።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ፣ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ሥራውን በሚያከናውንበት ጊዜ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ነገር ሁሉ ከንግግሩ ጋር አጣምሮ በቪዲዮ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ይህም በተለምዶ ስክሪን መቅረጫ ይባላል። ጥቅሙ አዲስ ሠራተኛ በማስተማር ብቻ የሚወሰን አይደለም። ላኪው ለውጭ አገር ገዢ የናሙናውን የምርመራ ውጤት በመስመር በመስመሩ እያመለከተ ያስረዳበታል፤ ባለ ሱቁ ደንበኞቹ በቴሌግራም እንዴት ዕቃ እንደሚያዝዙ ያሳይበታል፤ የሒሳብ ሠራተኛው በሶፍትዌሩ ላይ የታየውን ስሕተት ቀርጾ ለጥገና ባለሙያው ይልክበታል። በቴሌፎን ግማሽ ሰዓት ተነግሮ ሳይገባ የሚቀረው ጉዳይ በሁለት ደቂቃ ቀረጻ ሊያልቅ ይችላል።

ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ቁጥራቸው እጅግ የበዛ ከመሆኑም በላይ ሁሉም «ነጻ» ወይም «ርካሽ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈው ስለሚቀርቡ፣ ነጋዴው የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። በገበያ ዘይት ወይም ስኳር የሚገዛ ሰው ሚዛኑን ሳያይ ገንዘብ እንደማይከፍል ሁሉ፣ እዚህም ዋጋው በየት በኩል እንደሚከፈል አስቀድሞ መመልከት ይገባል።

«ነጻ» የተባለ ፕሮግራም ዋጋውን ከሚያስከፍልባቸው መንገዶች በጣም የሚታየው፣ ስሙን በቪዲዮው ላይ ማተም ነው። ለምሳሌ ያህል ባንዲካም የተባለው በኮሪያ የተሠራ ፕሮግራም ባልተከፈለበት ጊዜ አንዱን ቀረጻ በ10 ደቂቃ ይወስነዋል፤ በቪዲዮው ራስጌ ላይም የራሱን ስም ያትማል። ለቤት ሥራ ይህ ችግር የለውም። ነገር ግን አንድ ቡና ላኪ ለገዢው በሚልከው ቀረጻ ላይ የሌላ ድርጅት ስም ታትሞ ቢገኝ፣ ገዢው በመጀመሪያ የሚያስበው ላኪው ለፕሮግራሙ እንኳ መክፈል እንዳቃተው ነው። ከዚህ የሚብሰው ሌላው መንገድ፣ ቀረጻው በነጋዴው ኮምፒዩተር ሳይሆን በፕሮግራሙ ባለቤት ማከማቻ ተቀምጦ፣ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ሲሆን ገንዘብ እስኪከፈል ድረስ አዲስ ቀረጻ መከልከሉ ነው። በዚህ ጊዜ ሠራተኞቹ በሙሉ ፕሮግራሙን ስለ ለመዱት ነጋዴው ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል፤ ሻጩም ይህንን ዐውቆ ነው መጀመሪያ በነጻ የሰጠው።

የሚከፈልባቸውን በሚመለከት ደግሞ አብዛኞቹ የሚሸጡት እንደ ዕቃ አንድ ጊዜ ሳይሆን እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ነው፤ ኪራዩም በሰው ቁጥር ይባዛል፤ የሚከፈለውም በዶላር ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሲደራረቡ የሚያመጡትን ውጤት በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ፕሮግራም ለአንድ ሰው በወር 15 ዶላር ቢጠይቅ ለጆሮ ቀላል ነው። ስድስት ሠራተኛ ላለው ንግድ ቤት ግን በወር 90 ዶላር፣ በዓመት 1,080 ዶላር ይሆናል። የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ተመን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለ ነበረ ይህ ወጪ ከ62,000 ብር ትንሽ ያነሰ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ለሒሳብ ምቾት ያህል አንድ ዶላር በ150 ብር ቢታሰብ፣ ያው አገልግሎት፣ ያው ዋጋ፣ አንድ ሳንቲም ሳይጨመርበት 162,000 ብር ይደርሳል። ነጋዴው ገቢው በብር ሆኖ ወጪው በዶላር የሆነ ውል ሲፈርም የምንዛሪውን ሥጋት ብቻውን ተሸክሞ መሆኑን ማወቅ አለበት። ክፍያው በውጭ አገር ግዢ ሊፈጽም በሚችል የባንክ ካርድ የሚጠየቅ ስለ ሆነም፣ በእድሳቱ ቀን በካርዱ ላይ ገንዘብ ባይገኝ አገልግሎቱ በመሐል ሊቋረጥ ይችላል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቀድሞ በእጅ ያለውን መመልከት ይገባል። ብዙ ነጋዴዎች የሚፈልጉት መሣሪያ በገዙት ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሌላ ፍለጋ ይወጣሉ። ዊንዶውስ 11 ያለው ኮምፒዩተር ስኒፒንግ ቱል የሚባል ፕሮግራም አለው። ይህ ፕሮግራም ቀድሞ የስክሪኑን ፎቶግራፍ ብቻ ያነሣ የነበረ ሲሆን በኋላ ቪዲዮ እንዲቀርጽ ተደርጓል፤ መጀመሪያ ላይ ድምፅ የማይቀዳ ቢሆንም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 ወዲህ ድምፅንም ይይዛል። የስክሪኑን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ ለመቅረጽ ይቻላል፤ ስም አያትምም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በዊንዶውስ 10 የሚሠሩ ቤቶች ደግሞ ጌም ባር የተባለውን የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ጂ የሚለውን ፊደል አንድ ላይ በመጫን ይከፍታሉ። ይህ ለጨዋታ የተሠራ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሚቀርጽ ሠራተኛው ከፒችትሪ ወደ ኤክሴል፣ ከኤክሴል ወደ ባንኩ ገጽ እየተዘዋወረ የሚያሳየውን ሥራ ሊይዝ አይችልም። በነገራችን ላይ የዊንዶውስ 10 ባለቤት ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ የባንክ ሥራ የሚሠራበት ኮምፒዩተር በዚሁ ላይ ከቀረ፣ ከመቅረጫው በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው።

በማክ ኮምፒዩተር ሺፍት፣ ኮማንድና 5 የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ መጫን መቅረጫውን ያስነሣል። በእጅ ስልክም እንዲሁ ነው፤ አይፎን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ፣ አንድሮይድ ደግሞ ከ11ኛው እትሙ ማለት ከ2020 ጀምሮ የስክሪን መቅረጫ በውስጣቸው አላቸው። የቴሌብርን ወይም የባንክን የስልክ አገልግሎት ለደንበኛ ማስረዳት የሚፈልግ ባለ ሱቅ ምንም መግዛት አያስፈልገውም። ሆኖም ብዙ የባንክ ፕሮግራሞች ለጥበቃ ሲሉ ስክሪናቸው እንዳይቀረጽ ስለሚከለክሉ ቀረጻው ጥቁር ሆኖ ቢወጣ ስልኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ፓወርፖይንትም ራሱ ስክሪን የሚቀርጽ ክፍል እንዳለው ብዙ ጸሐፊዎች አያውቁም። ኢንሰርት በሚለው ዝርዝር ሥር ይገኛል።

እነዚህ የማይበቁት ንግድ ቤት ሊመለከተው የሚገባው ኦ ቢ ኤስ ስቱዲዮ የተባለውን ነው። ይህ ፕሮግራም ሂው ቤይሊ በተባለ ሰው ተጀምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ሲሆን፣ የአሠራር ጽሑፉ ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ በብዙ በጎ ፈቃደኞች የሚሻሻል ነው። ለስድስት ሰው ቢሆን ለስድሳ ሰው ዋጋው ያው ዜሮ ነው። የጊዜ ገደብ የለውም፤ ስሙን አያትምም፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ቀረጻውም በነጋዴው በራሱ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ስክሪኑን፣ የተናጋሪውን ፊትና የድርጅቱን ምልክት በአንድ ቪዲዮ ላይ አቀናብሮ ለመያዝ ያስችላል። የመንገድ ጫጫታና የጄኔሬተር ድምፅ እንዲቀንስ የሚያደርግ ማጣሪያም አለው፤ ይህ ለመርካቶ ሱቆች ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቱ የለመደ እጅ መፈለጉ ነው። መጀመሪያ የከፈተው ሰው ጥቁር ሣጥንና ብዙ ቁልፍ አይቶ ይደነግጣል። ምን እንደሚቀረጽ ካልተነገረው ምንም አይቀርጽም፤ ሁለት የሥዕል ካርድ ባላቸው ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ስክሪኑን በትክክል አዝዘውትም ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ በዚህ ጊዜ በዊንዶውስ የግራፊክስ ምርጫ ውስጥ ገብቶ ፕሮግራሙ በየትኛው ካርድ እንዲሠራ መወሰን ያስፈልጋል። ቀረጻውን የሚቈርጥና የሚቀጥል ክፍልም የለውም። ስለዚህ አንድ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ወጣት ግማሽ ቀን ተቀምጦ አንድ ጊዜ ካዘጋጀው በኋላ ሌሎቹ ሠራተኞች «ጀምር» እና «አቁም» የሚሉትን ሁለት ቁልፎች ብቻ እንዲነኩ ማድረግ የተሻለ ነው። ለዚህ ግማሽ ቀን የሚከፈለው አበል ከማንኛውም የዓመት ኪራይ ያንሳል።

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ነጋዴ አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት ይገባዋል፤ ይኸውም የመብራት መጥፋት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ኤም ፒ 4 የሚባለው ነው። ይህ ፋይል የሚከፈትበትን ማውጫ ቀረጻው ሲዘጋ በመጨረሻው ላይ ስለሚጽፍ፣ በመሐል መብራት ቢጠፋ አንድ ሰዓት የተሠራው ሥራ በሙሉ የማይከፈት ሆኖ ይቀራል። ኤም ኬ ቪ የተባለው ዓይነት ግን መብራት እስከ ጠፋበት ደቂቃ ድረስ የተቀረጸው ይተርፋል። በመሆኑም በኦ ቢ ኤስ በኤም ኬ ቪ ቀርጾ፣ በኋላ ፋይል በሚለው ዝርዝር ሥር ባለው መለወጫ ወደ ኤም ፒ 4 መመለስ ይቻላል፤ ይህም የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ የሥዕሉንም ጥራት አይቀንስም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ከወጣው 30.2 ከተባለው እትም ጀምሮ ደግሞ በመሐል ቢቋረጥም የማይጠፋ የኤም ፒ 4 ዓይነት ተጨምሮለታል። ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህ ላያሳስበው ይችላል፤ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚሠራ ግን ይህችን አንዲት ምርጫ ባለማወቁ ቀኑን ሙሉ ሊከስር ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የፋይሉ ክብደት ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ሻጮች ስለ ሥዕል ጥራት ብዙ ይናገራሉ፤ ነገር ግን ቅጽ ሲሞላ ለሚያሳይ ቀረጻ ያ ሁሉ ጥራት አያስፈልግም። በሴኮንድ 2,500 ኪሎ ቢት የሚቀረጽ ቪዲዮ፣ ድምፁ ሳይቈጠር፣ በደቂቃ 19 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል፤ የ10 ደቂቃው 188 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። ስድስት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በስልካቸው ዳታ ቢያወርዱት ከ1,100 ሜጋ ባይት በላይ ይወጣል። ይኸው ሥራ በሴኮንድ 1,000 ኪሎ ቢት፣ በሴኮንድም 30 ሥዕል መሆኑ ቀርቶ 15 ሥዕል ሆኖ ቢቀረጽ፣ 10 ደቂቃው 75 ሜጋ ባይት፣ የስድስቱ ድምር 450 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ የሚታይ ስለ ሆነ ተመልካቹ ልዩነቱን ብዙም አያስተውለውም። ጽሑፉ እንዲነበብ የሚያደርገው የቢቱ ብዛት ሳይሆን፣ ከመቅረጽ በፊት የገጹን ፊደል ማጉላት ነው፤ ቀረጻው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ድምፁ ግን ሊቈጠብበት የማይገባ ነገር ነው። ሥዕሉ ደብዘዝ ቢል ሰው ይታገሣል፤ ንግግሩ ካልተሰማ ግን ቀረጻውን ይዘጋዋል። በአንገትጌ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክሮፎንና በሩ የተዘጋ ክፍል ከብዙ ዶላር ፕሮግራም ይሻላሉ።

እንግዲህ ገንዘብ መክፈል የሚገባው መቼ ነው? ሰው ሁሉ የሚያነሣው ሉም የተባለውን ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ቀረጻው እንዳበቃ ወዲያው ማያያዣ አድራሻ ይሰጣል፤ ተቀባዩ አድራሻውን ነክቶ ይመለከታል፤ ማን እንዳየው ይታወቃል፤ አስተያየትም በዚያው ይጻፍበታል። አትላሲያን የተባለው ኩባንያ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በ975 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው መስማማቱ ምን ያህል እንደተፈለገ ያስረዳል። ነጻው ደረጃ ግን አንዱን ቀረጻ በ5 ደቂቃ፣ የቀረጻውንም ብዛት ለአንድ ሰው በ25 ወስኖ ቆይቷል። በአምስተርዳም፣ በዱባይና በአዲስ አበባ ሠራተኞች ያሉት ላኪ፣ በየቀኑ ብዙ አጫጭር መልእክት የሚለዋወጥ ከሆነ ይህ ፍጥነት ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል። ሠራተኞቹ ሁሉ በአንድ ፎቅ ላይ ለተቀመጡበት ቤት ግን በዝግ የቴሌግራም ቻናል ላይ ቀረጻውን ማስቀመጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቴሌግራም አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ድረስ ያለ ክፍያ ይቀበላል። ቪዲዮው በቪዲዮነት ሳይሆን በፋይልነት ቢላክ ቴሌግራም ጥራቱን አይቀንሰውም። በተጨማሪም ሁሉም ሠራተኛ የሚያይ እንጂ ሁሉም የሚቀርጽ አይደለምና፣ የሚከፈልበት ፕሮግራም ቢገዛ እንኳ ለሚቀርጹት ሁለት ሰዎች ብቻ መክፈል ከላይ የተጠቀሰውን 1,080 ዶላር ወደ 360 ዶላር ያወርደዋል። ተመልካች የሚከፍልበትን ውል መቀበል አያስፈልግም።

በሌላ በኩል ለሽያጭ ወይም ለትምህርት ቪዲዮ የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ። ፒችትሪን በአማርኛ የሚያስተምር የሒሳብ ባለሙያ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ከውጭ አስመጥቶ ለሱቆች የሚሸጥ ነጋዴ፣ የዕቃውን አጠቃቀም በዩቲዩብ የሚያሳይ ባለ ሱቅ ከዚህ ወገን ናቸው። ለእነርሱ መቅረጹ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ስሕተቱን መቍረጥ፣ ጠቋሚው ያለበትን ቦታ ማጉላት፣ የአማርኛ ጽሑፍ መጨመር ይፈልጋሉ። ለዚህ የታወቀው ካምታዝያ ነው። ይህ ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የራስ የሚሆን ዕቃ ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2024 ወዲህ ግን በዓመት ኪራይ ሆኗል። ሥራው መልካም ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን ገና አንድ ትምህርት እንኳ ያልሸጠ ሰው መጀመሪያ በኦ ቢ ኤስ ቀርጾ፣ ከዊንዶውስ 11 ጋር በሚመጣው ክሊፕቻምፕ ወይም ክፍት በሆነው ሾትከት ቢቈርጠው ይበቃዋል። ተማሪ መጥቶ ገንዘብ ሲገባ፣ ኪራዩንም ከዚያው ገቢ መክፈል ሲቻል ማሻሻል ይቻላል። በተበደሩት ገንዘብ የተገዛ ፕሮግራም ተመልካች አያመጣም።

የተሰበረ ቁልፍ ያለው ማለት የተሰረቀ ፕሮግራም በፍላሽ ዲስክ በጥቂት ብር መግዛት የተለመደ መሆኑ አይካድም። ይህ አሠራር ሕገ ወጥ ከመሆኑ ሌላ፣ ቁልፉን የሰበረው ሰው በውስጡ ምን እንደ ጨመረ አይታወቅም፤ ያው ኮምፒዩተር የባንክ ሒሳብ የሚከፈትበት ከሆነ ሌባን በመስኮት እንደ ማስገባት ነው። ነጻውን ፕሮግራም ለማውረድም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 መጀመሪያ ላይ በጉግል የማስታወቂያ ቦታ የኦ ቢ ኤስን ስም የያዙ ሐሰተኛ ገጾች ተገኝተው፣ ከእነርሱ ያወረደ ሰው የይለፍ ቃሉን የሚሰርቅ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ጫነ ተገልጧል። ስለዚህ በፍለጋው ውጤት ራስጌ ላይ «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ያለበትን ትቶ ከፕሮግራሙ ባለቤት ገጽ ብቻ ማውረድ ይገባል።

ቀረጻው ራሱም ምሥጢር ሊያወጣ ይችላል። ስክሪኑ ሲቀረጽ የደንበኛው ስምና ስልክ፣ የአቅራቢው ዋጋ፣ በማዕዘኑ ብቅ ያለው የባንክ መልእክት ሁሉ አብሮ ይገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ድርጅት በሕግ ጭምር የሚጠየቅ ስለ ሆነ፣ ለማስተማሪያ የሚቀረጸው ሥራ በሐሰተኛ ስምና በሐሰተኛ ቁጥር በተሞላ የልምምድ መዝገብ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ከመጀመሪያው የመልእክት ማሳወቂያዎቹን መዝጋት ያስፈልጋል። በኦ ቢ ኤስ ሙሉውን ስክሪን ከመያዝ አንዱን መስኮት ብቻ መያዝ ይሻላል፤ ሆኖም በዚህ መንገድ አንዳንድ ጊዜ ወደ ታች የሚዘረጉት ምርጫዎች በቀረጻው ላይ ሳይታዩ ስለሚቀሩ አስቀድሞ አንድ ደቂቃ ቀርጾ ማየት ይገባል።

ከመሣሪያው ሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን የሰው ልብ ነው። ለብዙ ዓመት የቅጹን መንገድ ብቻውን ያወቀ ጸሐፊ «ይህንን ቀርጸህ አስቀምጥ» በተባለ ጊዜ ቦታው ለሌላ ሊሰጥ መሆኑን ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውም ሁልጊዜ መሠረት የሌለው አይደለም። የጠረጠረ ሰው ደግሞ እየቀረጸ ዋናውን ነገር ሊዘልለው ይችላል፤ ቀረጻው ሙሉ መስሎ ሳለ አንድ እርምጃ የጎደለው ሆኖ የሚገኘው እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። ባለቤቱ ይህን ሥራ እንደ ተጨማሪ ሥራ ቈጥሮ አበል ቢከፍልበት፣ በቀረጻውም ላይ የሠራተኛው ስም እንዲጠራ ቢያደርግ፣ ከማንኛውም ፕሮግራም የበለጠ ጥቅም ያገኛል። ቀረጻው ሙሉ መሆኑን የሚያረጋግጠውም አንድ መንገድ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ የማያውቅ ሠራተኛ ቀረጻውን ብቻ እያየ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሥራውን እንዲፈጽም ማድረግ። የቆመበት ቦታ እንደገና ይቀረጻል።

ምርጫውን ለመወሰን አንድ ሳምንት ይበቃል። ሙከራው በባለቤቱ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ባለው በጣም ደካማ ኮምፒዩተር ላይ ይደረግ፤ ፕሮግራሙ እዚያ ከሠራ ሌላው ጋ ይሠራል። የዓመት ውል ከመፈረም በፊት አንድ ወር ብቻ ይከፈል፤ በዚያ ወር ውስጥም የተቀረጹትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውርዶ በራስ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻል እንደ ሆነ ይሞከር። ይህንን የሚከለክል ወይም የሚያስቸግር ፕሮግራም፣ የፈለገውን ያህል ርካሽ ቢሆን፣ ሊተው ይገባዋል፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው ዓመት ዋጋውን ቢጨምር ነጋዴው የራሱን ዕውቀት ለማስመለስ ተከራካሪ ይሆናል።

ቀረጻዎቹ በሁለት ዲስክ ተገልብጠው አንዱ ከሱቁ ውጭ ይቀመጥ። በፋይሉ ስም ላይ የሥራው ዓይነትና የተቀረጸበት ቀን ይጻፍበት፤ ለምሳሌ «የፈቃድ እድሳት፣ መስከረም 2018» ተብሎ። የመሥሪያ ቤቶቹ ገጾች በየጊዜው መልካቸውን ስለሚለውጡ፣ ቅጹ በተለወጠ ጊዜ አሮጌው ቀረጻ ከማኅደሩ ወጥቶ አዲሱ በምትኩ እንዲገባ አንድ ሠራተኛ በስሙ ኀላፊ ሆኖ መመደብ አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ጸሐፊ በስክሪኑ ላይ የሌለውን ቁልፍ ሲፈልግ ይውላል።